በቁሙ አይሸጥ፤ ደጅ ላይ ይሰንጠቅ

የዛፍ መቆረጥ ነገር በተነሣ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ አናፂ ይዞራል። በደቡብ ጎንደር፣ ሐሙሲት ከአስፋልቱ ዳር አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ስላለኝ ይህን ዓይን ለምጄዋለሁ። ስለዚህ ነገሬን ሳልሸፋፍን ልጀምር። ዕድሜውን የጨረሰ የጓሮ ዛፍ ቢቆረጥ ክፋት የለውም። ክፋቱ አባት ተክሎት ልጅ ያሳደገው ዋንዛ በግማሽ ቀን ፍልጥና ከሰል ሆኖ መቅረቱ ነው። የጓሮን ዛፍ በቁሙ መሸጥ ይቅር፤ ዛፉ እዚያው ደጅ ላይ ተሰንጥቆ ባለቤቱ ጣውላ ይሽጥ፤ መንግሥትም ለዚህ የሚሆን አጭርና ግልጽ ፈቃድ ያብጅለት እላለሁ።

እኛ ዘንድ ዛፍ ሲባል አብዛኛው የጓሮና የድንበር ዛፍ ነው። የፎገራ ሜዳ ዋልካ መሬት ነው፤ ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃ ይተኛበታል፣ ሩዝ ይዘራበታል፣ ውኃው ሲሸሽ ጓያ ይከተላል። ለዛፍ የሚተርፍ ቦታ የለውም። መሬቱ ወደ ደራ ከፍ ሲል ግን በየማሳው ድንበር፣ በየአጥሩ ጥግና በየደጁ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ግራር፣ ሾላና ቀይ ባሕር ዛፍ ይታያል። ከዚህ ሌላ የቀረን ደን የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በደቡብ ጎንደር እንዲህ ያሉ ደኖች ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ። አንባቢ በ«እመጓ»ና በ«ዝጎራ» የሚያውቃቸው ደራሲ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሊቅ ናቸው፤ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩትም በእነዚሁ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። እሳቸውና መሰሎቻቸው በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲታጠር የደከሙት የአገር በቀል ዛፍ ዘር ምንጩ እንዳይደርቅ ብለው ነው። ያንን ደን እኔ አልነካውም፤ ቅጥሩ ይከበር። የማወራው ሰው በገዛ እጁ ስለተከለው፣ ወይም ወፍ ዘርቶለት ኮትኩቶ ስላሳደገው፣ አሁን ግን አርጅቶ ቤቱ ላይ ስላዘነበለው ዛፍ ነው።

የዛሬው ንግድ እንዲህ ነው። ነጋዴ ይመጣል፣ ዛፉን ዞሮ ያያል፣ በዓይኑ ይገምታል፣ አንድ ዋጋ ይጠራል። ባለቤቱ የሚያውቀው የፍልጥ ዋጋ ስለሆነ በፍልጥ ሒሳብ ይከራከራል። ከተስማሙ በማግስቱ ሞተር መጋዝ የያዘ ልጅ ይመጣና ዛፉን ጥሎ፣ ግንዱ ለጋሪ እንዲመች አንድ አንድ ሜትር እያደረገ ይጎማምደዋል። እንዲህ የተጎመደ ግንድ ከዚያ ወዲያ በርም አልጋም አይሆንም፤ ቢበዛ የበርጩማ እግር ይወጣዋል። ወፍራሙ ጉማጅ ለዳቦ ቤት ምድጃ ይሄዳል፣ ቅርንጫፉ ከሰል ይሆናል። ባለቤቱም ለጥር ሠርግ ለልጁ አልጋና ቁም ሳጥን ሊገዛ ባሕር ዳር ይሄዳል። የሚገዛው ቁም ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ በዶላር የገባ፣ ኤምዲኤፍ የሚሉት የተጠቀጠቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ ነው። ክረምት እርጥበት ካገኘው እግሩ ያብጣል፣ ማጠፊያውን የያዘው ብሎን ይላቀቃል። እኔ ዘንድ ለጥገና ሲመጣ የማደርግለት ነገር የለኝም፤ ያበጠ ኤምዲኤፍ ብሎን መልሶ አይዝም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ባለፈው ዓመት ከቤቴ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት እናት ዋንዛቸው ወደ ቆርቆሮው አዘንብሎባቸው ለነጋዴ ሊሸጡት ተነጋግረው ነበር።

«እሜቴ፣ በስንት ሊሸጡት ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን ዐውቄ ልጄ፤ እሱ ያለኝን ነዋ።»

ሜትሬን አውጥቼ ግንዱን በደረት ከፍታ ዙሪያውን ለካሁት፤ 190 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ዙሪያው 190 የሆነ ግንድ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከመሬት እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ቀጥ ያለው ክፍል 2 ሜትር ተኩል ነበር። ይህ 0.7 ሜትር ኩብ ግንድ ማለት ነው። ግማሹ በቅርፊት፣ በጠርዝና በሰጋቱራ ይሄዳል እንበል። የቀረው ውፍረቱ 3፣ ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ 18 ሳንቃ ይወጣዋል። አንድ የሳንቃ በር ከነመቃኑ ከአራት እስከ አምስት ሳንቃ ይበላል። ስለዚህ ከዚያ ግንድ ሦስት በር ከነመቃኑ ወጥቶ ለወንበርና ለመደርደሪያ የሚሆን ይተርፋል፤ ቅርንጫፉ ደግሞ እንደ ቀድሞው ለማገዶ ይውላል። ነጋዴው የጠራላቸው ዋጋ ከሦስቱ በሮች አንዱን አይገዛም ነበር። ይህን በጣቴ እየቆጠርሁ ስነግራቸው «ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ደጄ ላይ ሦስት በር አቁሜ ነው በአሮጌ በር ውርጭ የሚገባብኝ?» ብለው ሳቁ። ዛፉን በቁሙ አልሸጡትም።

የጓሮ ዛፍ መሰንጠቅ የራሱ ጣጣ አለው። የጫካ ዛፍ ውስጡ ንጹሕ ነው፤ የጓሮ ዛፍ ግን ብረት በልቶ ያደገ ነው። ልብስ ማስጫ ሽቦ የታሰረበት ሚስማር፣ ቀፎ የተንጠለጠለበት መንጠቆ፣ ጥጃ የታሰረበት ሰንሰለት ቁራጭ፣ የምርጫ ፖስተር የተመታበት ሚስማር ሁሉ ከቅርፊቱ በታች ተቀብሮ ይገኛል። የመጋዝ ጥርስ ሚስማር ሲነካ የመጋዙ ሰንሰለት ዋጋ ቢስ ይሆናል፤ ሰውም ይጎዳል። እኔ የምጠቀመው ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ነው። ቅርፊቱን ከላጥን በኋላ ማግኔቱን በገመድ አንጠልጥዬ ግንዱ ላይ ዝቅ አድርጌ አስኬደዋለሁ፤ ቅርብ ያለ ብረት ይስበዋል። ጠለቅ ብሎ የተቀበረውን ደግሞ ራሱ እንጨቱ ይናገራል፦ ብረት ከእንጨቱ ጭማቂ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ሰማያዊ እድፍ ያወጣል፤ እድፉ በግንዱ ጫፍ ላይ ከታየ በዚያ መስመር ወደ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። የእሜቴ ዋንዛ ጫፉ ላይ እንዲህ ያለ እድፍ ነበረበት። በመሮ ቆፍረን ያወጣነው የመዝጊያ ማጠፊያ ነበር፤ ማን መቼ እንደመታው እሳቸውም አላስታወሱትም።

ከዚያ የመጋዙ ነገር ይመጣል። ዱሮ ጣውላ የሚሰነጠቀው በሁለት ሰው መጋዝ ነበር፤ ግንዱ ጉድጓድ ላይ ይጋደማል፣ አንዱ ከላይ ቆሞ አንዱ ከታች ገብቶ ይስባሉ። ከታች ያለው ቀኑን ሙሉ ሰጋቱራ በዓይኑና በአንገቱ ሲገባ ይውላል። ዛሬ ያን ሥራ የሚሠራ ወጣት ማግኘት ይቸግራል፤ አልፈርድባቸውም። ቦታውን የወሰደው ሞተር መጋዝ ነው። ሞተር መጋዝ ዛፍ ለመጣል የተሠራ ስለሆነ በነጻ እጅ ሲሰነጥቁበት ሳንቃው አንዱ ጫፉ ወፍራም፣ ሌላው ስስ ይሆናል። በመላጊያ እስኪስተካከል ሌላ እንጨት ይባክናል። ጥርሱም ሰፊ ነው፤ በአንድ መስመር ወደ 9 ሚሊ ሜትር እንጨት ሰጋቱራ አድርጎ ይጥላል። እንደ ቀበቶ የሚዞር ቀጭን ምላጭ ያለው የባንድ መጋዝ ግን የሚበላው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ግንድ 3 ሳንቲ ሜትር ሳንቃ ሲወጣ በሞተር መጋዝ 10፣ በባንድ መጋዝ 12 ይሆናል። ሁለት ሳንቃ በየግንዱ እየጣልን ነው ማለት ነው።

የባንድ መጋዝ ሲባል ትልቅ ፋብሪካ የሚመስለው ሰው አለ። በመኪና የሚጎተት፣ ደጅ ድረስ የሚመጣ አለ፤ ዉድ ማይዘር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንዲህ ያለውን መሥራት ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህ ለእኛ አቅም ውድ ነው ከተባለ ደግሞ ከዚያ በታች ሌላ መላ አለ። ሞተር መጋዙን በሐዲድ ላይ ደግፎ ቀጥ አድርጎ የሚያስኬድ ፍሬም ነው። የጥርሱን ስፋት አያሳንስም፤ ግን ሳንቃው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ይሆናል። የተሠራበት ነገር ቱቦላሬና ብሎን ነው፤ ወረታ ወይም ሐሙሲት ያለ ማንኛውም የብየዳ ቤት ሥዕሉን አይቶ ይሠራዋል። እኔ የምሠራበት እዚሁ የተበየደ ነው።

ሦስተኛው ነገር ማድረቅ ነው፤ የአገራችን ጣውላ ስሙ የጠፋውም እዚህ ላይ ነው። እርጥብ እንጨት ገዝቶ በሳምንቱ በር ያሠራ ሰው በሩ ሲጣመም «የአገር ውስጥ እንጨት አይረባም» ይላል። እንጨቱ ምንም አላጠፋም። ሩዝ ተሰብስቦ ሰው ከሥራ ሲያርፍ፣ በጥር ወር የተሰነጠቀ የዋንዛ ሳንቃ፣ በአግባቡ ከተደረደረ ክረምት ሳይገባ ለሥራ ይደርሳል። አደራደሩ ቀላል ነው። መሬት እንዳይነካ ከድንጋይ ላይ ከፍ ይደረጋል። በሳንቃና ሳንቃ መካከል ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁራጮች በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ይገባሉ፤ ቁራጮቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ ካልሆነ ሳንቃው በክብደቱ ይጎብጣል። የሳንቃው ጫፍ ቀለም ወይም ሰም ይቀባል፤ ጫፉ ከመሃሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ የሚሰነጠቀው ከዚያ ነው። ከላይ ድንጋይ ይጫንበታል። ጥላ ይፈልጋል፣ ነፋስ ይፈልጋል፤ ፀሐይ አይፈልግም። ይህን ሁሉ ማንም ገበሬ ጎተራው ሥር ሊያደርገው ይችላል፤ ወጪው ጥቂት ቀለም ነው።

ዛፍ ሁሉ ግን ለጣውላ አይሆንም፤ ይህንም ባለቤቱ ማወቅ አለበት። ዋንዛ የሁሉም አለቃ ነው፤ ልቡ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ሲደርቅም ብዙ የማይጣመም ነው። ከበሮ የሚፈለፈለው፣ ሙቀጫ የሚቦረቦረው ከእሱ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ብሳና ነጭና ለስላሳ ነው፤ እርጥቡን ከተዉት ነቀዝ ይገባበታል፤ ለሳጥንና ለመደርደሪያ ውስጥ ግን ይሆናል። ግራቪሊያ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ተተክሎ አሁን እየሸመገለ ነው፤ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ከሰነጠቁት ሰሌን የመሰለ የሚያብረቀርቅ ጌጥ ያወጣል። ቀይ ባሕር ዛፍ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ውስጡ የታመቀ ኃይል ስላለው ግን ግንዱ በወደቀ በጥቂት ቀን ጫፉ ይተረተራል። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር፣ ከሁለቱም ጎን እያፈራረቁ መሰንጠቅ ይፈልጋል። ማንጎ ማፍራት ሲያቆም እኛ እናነደዋለን፤ ህንዶች ግን ካረጀ ማንጎ ጠረጴዛ ሠርተው ለዓለም ይሸጣሉ። ሾላና ዋርካ እንጨታቸው ቶሎ ይበሰብሳል፤ ለጥላና ለወፍ ይተዉ። የማይቆረጠውን ለይቶ መናገርም የአናፂ ሥራ ነው።

ይህ የማቀርበው ሐሳብ ለፎገራ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በሩዝ ያየነው ነው። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የአምራች ማኅበራት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ሲጀመር «ይኼ የረግረግ ሣር ምን ያደርግልናል?» ያለ ብዙ ነበር። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ እስከ ዛሬ የዚያችን ቀበሌ ስም ይዞ ይዞራል። ዛሬ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆናለች፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። የገበሬው ኪስ የተለወጠው ሩዝ ስለዘራ ብቻ አይደለም፤ መፈልፈያው እደጁ ስለመጣ፣ ከነገለባው መሸጥ ግድ ስላልሆነበት ነው። ሩዙን ፈልፍሎ የሚሸጥ ሰው ዋንዛውን ከነቅርፊቱ የሚሸጥበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ምክንያት ግን አለ፤ እሱም ፈቃድ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠርቶ ጥበቃ ሰጣቸው። የታሰበው የመንግሥትና የክልል ደን ነበር፤ ሐሳቡም ትክክል ነበር፤ እነዚህ አራቱ በመጋዝ ምክንያት እያለቁ ነበርና። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 542/1999፣ ቀጥሎም 1065/2010 መጥተዋል፤ የኋለኛው የግልና የማኅበረሰብ ደን ባለቤትነትን በግልጽ ያውቃል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ባፈራው ቋሚ ንብረትና ባደረገው መሻሻል ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል። በወረቀት ላይ የጓሮ ዋንዛ የባለቤቱ ነው። በመንገድ ላይ ግን ዋንዛ እንደ ዋንዛ ነው የሚታየው፤ ከየት ጓሮ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም፣ ቢጠየቅም የሚታመን የለም።

ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ የጓሮ ዛፍ ደብዳቤ ስጠይቅ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አመላልሶኛል። የመጀመሪያው ሰው «የቀበሌ ደብዳቤ አምጣ» አለኝ፤ ሁለተኛው «ባለሙያ ወርዶ ማየት አለበት» አለኝ፤ ባለሙያው ደግሞ መኪና የለውም። በመጨረሻ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? ግንዱን በቀን በግልጽ ከማንቀሳቀስ ይልቅ ሌሊት ወደ ከሰል ይለውጠዋል። ከሰል ሲሆን ዋንዛ ይሁን ግራር ማንም አይለየውም። ሌላው ጉዳት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ገበሬ በማሳው ዳር ወፍ የዘራችው የዋንዛ ችግኝ ሲበቅል በልጅነቱ ይነቅለዋል። «አድጎ የእኔ የማይሆነውን ምን ልሁን ብዬ ልጠብቀው?» ይላል። በምትኩ ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ አጠናውን ሲሸጥ ማንም አይጠይቀውምና። ዋንዛን ለመጠበቅ የታሰበው ጥበቃ እንዲህ አድርጎ በማሳው ላይ የዋንዛን ዘር ያመክናል።

«ፈቃዱን ካቀለላችሁት ያገር ዛፍ ሁሉ ያልቃል» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ እኔም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተሰርቆ የወጣ ግንድ «የጓሮ ነው» ተብሎ ሊሸጥልኝ መጥቶ መልሻለሁ። ነገር ግን ሌባ የሚወደው አጭር ጉማጅና ከሰል ነው፤ ቶሎ ይጫናል፣ ምንጩ አይታወቅም። ደጅ ላይ የሚሰነጠቅ ዛፍ ግን ቀኑን ሙሉ ጎረቤት እያየው፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ጉቶው እዚያው ቆሞ እየመሰከረ ነው የሚሠራው። ከዚህም በላይ ዛፍን ከመጋዝ የሚያድነው ዋጋው ነው። የዋንዛ ዙሪያ 190 ሲደርስ ሦስት በር እንደሚያወጣ ያወቀ ሰው 70 ላይ ለከሰል አይቆርጠውም፤ ቆይ ይለዋል።

ከኬንያ የምንማረው አለ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. ኬንያ ከመንግሥት ደን ዛፍ መቁረጥን አገደች፤ እገዳው ለዓመታት ሲቆይ ጣውላ ተወደደ፣ አናፂዎችም ወደ ገበሬው ማሳ ፊታቸውን አዞሩ። ገበሬው በሻይና በቡና ማሳ ዳር የተከለው ግራቪሊያ እዚያው ማሳ ላይ በሞተር መጋዝ እየተሰነጠቀ ከተማ ይገባል። በአሜሪካም ሚሺገን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ከእስያ የገባ ጥንዚዛ አሽ የሚባሉትን የየከተማው ጎዳናና ግቢ ዛፎች ሲያደርቅ መጀመሪያ የተደረገው ፈጭቶ መጣል ነበር። ቀስ በቀስ ግን ትናንሽ መሰንጠቂያዎችና የከተማ አስተዳደሮች ተስማምተው ግንዱን ጣውላ አደረጉት። ሀብታም አገር የሞተ የጎዳና ዛፉን መጣል ከበደው፤ እኛ ግን መንገድ ሲሰፋ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሲጸዳ፣ ግቢ ሲታደስ የሚወድቀውን ዛፍ ማን እንደወሰደው እንኳ አንጠይቅም።

መትከሉን በተመለከተ ማንም አይወቅሰንም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ተነግሮናል፤ በየክረምቱም ዘመቻው ይቀጥላል። ከዚያ ቀን ችግኞች የጸደቁት ዛሬ የሰው ቁመት አልፈው ይሆናል። ስለ ቁጥራቸው ስንሰማ ኖረናል፤ ለምን እንደሚሆኑ፣ መቼ እንደሚደርሱ፣ ሲደርሱ ማን እንደሚሰነጥቃቸው ግን ውይይት ላይ ሰምቼ አላውቅም። ሩዝ ሲዘራ ማጭድ ይታሰባል፤ ዛፍ ሲተከልም መጋዙ መታሰብ አለበት።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ ለጓሮና ለድንበር ዛፍ አንድ ገጽ ፎርም ይውጣ፤ የባለቤቱ ስም፣ የዛፉ ዓይነት፣ በደረት ከፍታ የተለካ ዙሪያውና የስልክ ፎቶው ይገባበታል፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሁለት ጎረቤት አስመስክሮ ይፈርማል፤ መልሱም ከሳምንት አይለፍ። ሁለተኛ፣ ለዋንዛና ለመሰሎቹ ዝቅተኛ ዙሪያ ይወሰን፤ እኔ ብጠየቅ ከ150 ሳንቲ ሜትር በታች አይቆረጥ እላለሁ። ሦስተኛ፣ የሚተከለው ከመቁረጡ በፊት ይተከል፤ ሦስት የአገር በቀል ችግኝ ክረምት አልፎላቸው ጸድቀው ሳይታዩ ፈቃዱ አይሰጥ። አራተኛ፣ መንገድ ላይ የሚታየው ማስረጃ ከዚያው ፎርም ጋር የተያያዘ ይሁን፤ የሳንቃው ብዛት በፎርሙ ላይ ተጽፎ ማኅተም ካረፈበት ኬላ ላይ ክርክር የለም። አምስተኛ፣ ለወጣት ማኅበራት ከሚሰጠው ብድር ጥቂቱ ለባንድ መጋዝ ይዋል፤ አንድ መጋዝ ከሐሙሲት እስከ ወረታ ያለውን መንደር ሁሉ ያዳርሳል። ወረታ የግብርና ኮሌጅ አለ፤ ችግኝ ማፍላት እንደሚያስተምር ሁሉ ግንድ መለካትና ጣውላ ማድረቅ ቢያስተምር ተማሪው ተመርቆ ሥራ ይዞ ይወጣል።

ከአምስቱ የመጀመሪያው ብቻ ቢሆን እንኳ ብዙ ነገር ይለወጣል፤ የሌሎቹ ወጪ ይከራከሩበት ይሆናል፣ አንድ ገጽ ፎርም ግን በጀት አይጠይቅም።

ፎርሙ እስኪመጣ ድረስ ባለ ዛፉ ራሱ ማድረግ የሚችለው አለ። ነጋዴ ከመምጣቱ በፊት ዙሪያውን በገመድ ለክቶ ገመዱን በሜትር ይቁጠር፤ ቀጥ ያለውን ርዝመት ይገምት፤ አናፂ ጠርቶ ስንት ሳንቃ እንደሚወጣው ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ምንም አያስከፍለውም። ከነጋዴ ጋር ቢስማማም እንኳ «ግንዱን ከ2 ሜትር ተኩል በታች አትጎምደው» የሚል ቃል ያስገባው፤ ያ አንድ ቃል ብቻ ዛፉን ከምድጃ ወደ አናፂ ቤት ያሻግረዋል። ፈቃድ የሚፈልግ ዛፍ ከሆነም ደብዳቤውን በክረምት፣ መንገዱ ጭቃ ሳለ ይጠይቅ። ሩዝ ገብቶ ጥር ሲብት መሬቱ ይደርቃል፣ እጅ ይፈታል፤ የዚያን ጊዜ ወረቀቱ ያለው ሰው ሳንቃውን ደርድሮ ክረምቱን ይጠብቃል፣ የሌለው ደግሞ ለነጋዴው ዋጋ እጁን ይሰጣል።